ነፃው ወር ሲያልቅ

ይድረስ ለምወድህ፣ ለምናፍቅህ፣ ደግሞም አንጀቴን ላሳረርከው ወንድሜ ለሙህሲን።

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ከቆቦ ሜዳ ማሽላ የበዛ ሰላምታዬ ስዊድን ድረስ ይድረስህ። ለመሆኑ እንዴት ነህ? ጤናህ እንዴት ነው? ያ ወገብህን ይዞህ የነበረው ሕመም ተወህ ወይስ አለ? ብርዱን እንዴት አድርገህ ቻልከው? ምግብስ ትበላለህ ወይስ እንደ ልጅነትህ ቆመህ ሁለት ጉርሻ ጎርሰህ ትወጣለህ? እንቅልፍስ? የእንቅልፉን ለሰላምታ ወግ ብዬ አልጠየቅሁህም፤ እንደማይወስድህ አውቃለሁ። ከየት አወቅሽ ትለኝ እንደሆነ ቆይተህ ትደርስበታለህ። እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ። እጄም ይሠራል፣ ምላሴም እንደምታውቀው ነው።

ዛሬ ለእኛ ጁምዓ ነው፣ ለክርስቲያኖቹ ደግሞ ስቅለት። ግማሹ ሱቅ ዝግ ነው፣ ባጃጁ እንኳ ቀዝቅዟል። የፋሲካ ልብስ አሰፊው ወር ሙሉ ቁም ስቅሌን ሲያሳየኝ ከርሞ ትናንት የመጨረሻዋን ቀሚስ ወስደውልኝ ተገላገልኩ። ዛሬ ሰላቴን ሰግጄ ብቀመጥ ቤቱ ጭር አለብኝ። እህታችን ኡሙሃኒ ዋጃ ካገባች ወዲህ እዚህ ቤት ያለነው እኔና የስፌት መኪናዬ ነን፤ እሷም ካልረገጧት አትናገርም።

የሮቢቱ ሰላሁዲን ሰርጉን ደግሶ ጨርሷል፣ ሰኞ ወደ ስዊድን ይመለሳል። እሱ ካለበት አንተ ያለህበት ከተማ የስድስት ሰዓት መንገድ ነው አለኝ። አድራሻህን ዕቃ ከላክህበት የድሮ ካርቶን ላይ ገልብጬ ስሰጠው፣ በሩ ድረስ ሄጄም ቢሆን እሰጠዋለሁ ብሎ ምሎልኛል። ስልክህ መጀመሪያ ይጠራ ነበር፣ ኋላ አይገኝም አለኝ። የምልክልህን መልእክትም አትመልስም። እንግዲህ በወረቀት ልሞክረው ብዬ ነው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ውሸታቸውን ነው። ያንተ ዝምታ አራተኛ ወሩን ሊይዝ ነው፣ ነቅዞ ዱቄቱ እየረገፈ ነው።

ለምን ዝም እንዳልክ አላውቅም ብዬ አልዋሽህም። በጥር የደወልክ ዕለት ቤቱ በደንበኛ ተሞልቶ ነበር። አንተ፣ እታለም እዚህ ሰው የለኝም፣ ከሥራ ገብቼ በሩን ከዘጋሁ እስከ ማግስቱ የሰው ድምፅ አልሰማም አልከኝ። ድምፅህ ደህና እንዳልነበረ ሰምቼዋለሁ። ሰምቼው ነው እንግዲህ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እየሳቅሁ፣ ብቸኝነት የጥጋብ በሽታ ነው፣ አገር ሙሉ አንተ ያለህበት ለመድረስ ባሕር እየገባ አንተ ታለቃቅሳለህ ወይ ያልኩህ። ሴቶቹም አብረውኝ ሳቁ። አንተ እሺ እታለም ብለህ ዘጋኸው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ መልሼ ብደውል አላነሳህም። እኔ ለምን እንደዚያ እንዳልኩህ ታውቃለህ? እኔም በሬን ስዘጋ የምሰማው የሰው ድምፅ ስለሌለኝ ነው። አንተ ደፍረህ ስትናገረው እኔ ደንግጬ ሳቅሁበት።

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣልህ። መጋቢት ዐሥር ቀን፣ አምና የላክህልኝ ያ ያንተ አሮጌ ስልክ ጨርቁ መሀል ተቀምጦ ሳለ ብልጭ አለ። ባየው የፈረንጅ ጽሑፍ ነው፤ መጀመሪያው ላይ ግን ያንተ ስም አለ። ስምህን በፈረንጅ ፊደል አውቀዋለሁ፣ ከካርቶኑ ላይ በመቀስ ቆርጬ ግድግዳዬ ላይ ለጥፌዋለሁ። ከጽሑፉ ሥር ደግሞ አረንጓዴ መጫኛ አለ። ሙህሲን ታረቀኝ፣ አንድ ነገር እየጠየቀኝ ነው አልኩ። ምን እንደሆነ ላስነብበው እንኳ አላልኩም። ወንድሜ ከሁለት ወር ኩርፊያ በኋላ ከጠየቀኝ መልሴ እሺ ነው ብዬ ተጫንኩት።

ከዚያ መልስህን መጠበቅ ነዋ! ሦስት ቀን ሙሉ ስልኩን ብብቴ ውስጥ ይዤ ዋልኩ። በአራተኛው ቀን ከጎኔ ሞባይል የምትጠግነው ማርታ ጋ ሄጄ፣ ወንድሜ ጽፎልኝ እሺ ብዬዋለሁ፣ ቀሪውን አንብቢልኝ አልኳት። ማርታን ታውቃታለህ፣ አፏ የማይዘጋ ልጅ ናት። ያን ቀን ግን አንብባ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ዚነትዬ፣ ይሄ እኮ ሙህሲን አይደለም፣ የዘፈን ድርጅት ነው አለችኝ። ስምህን የጠሩት ደንበኛቸው ስለሆንክ ነው። አንተ ድሮ የከፈትከው፣ አካውንት የሚሉት መዝገብ ስልኩ ላይ እንዳለ መጥቷል፤ አንድ ወር በነፃ ሞክረው፣ ከወደድከው እየከፈልክ ትቀጥላለህ ነው የሚሉት። እኔ አረንጓዴውን ስጫን አንተን ወክዬ ተዋዋልኩልህ። እስከ ሚያዝያ ዐሥር ካልተሰረዘ ከዚያ በኋላ በየወሩ ካንተ ካርድ ላይ ይቆረጣል።

ያፈርኩት ዕፍረት ለጠላቴም አይድረስ። ዕፍረቱስ ይሁን፣ አንተ አለመሆንህ ነው አንጀቴን የቆረጠው። ማርታን አሁኑኑ ሰርዢልኝ፣ በምላሴ ያስቀየምኩት አንሶ እጄን ኪሱ ልክተት ወይ ብዬ ጮኽኩባት። እሷ ግን ሳቀች። ገና ሃያ ስድስት ቀን አለሽ፣ ነፃ ነው፣ ትንሽ ስሚበት፣ ቀኑ ሲደርስ እኔ እሰርዝልሻለሁ አለች። ከተሰረዘ ግን ወዲያው ይዘጋል፣ እዚህ አገር ያለ ክፍያ አይሠራም ብላ አስጠነቀቀችኝ። ከዚያ አንድ ዘፈን ከፈተችልኝና፣ እሷ ጾም ላይ ናትና ዘፈን ላለመስማት በረንዳ ወጥታ ቆመች።

ዘፈኑ ግማሽ ሳይደርስ ቀጥ አለ። ኔትወርክ ነው ብዬ ስልኩን ይዤ ወደ በሩ ብወጣም ያው ነው። ማርታ ብታየው ከታች አረንጓዴ መስመር መጥቷል፣ በሌላ ስልክ እየተሰማ ነው ይላል። የአንድ ሰው መዝገብ ነው፣ አንዱ ሲከፍት የሌላው ይቆማል፣ ከወንድምሽ በቀር ይሄን የሚከፍት የለም አለችኝ። መቼ ነው የከፈተው ብላት፣ አሁን፣ በዚህች ደቂቃ አለች።

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ወላሂ ሙህሲን፣ ለማንም አልተናገርኩትም እንጂ ሞተሃል ብዬ ነበር። ሰው በሬን ሲያንኳኳ መርዶ ነጋሪ እየመሰለኝ ወዲያው አልከፍትም ነበር። ያን ጊዜ ግን አንተ እዚያ ተቀምጠህ፣ ጣትህን አንቀሳቅሰህ የእኔን ዘፈን ነጠቅከኝ። አልሐምዱሊላህ ብዬ አለቀስኩ። ማርታም ምን እንደሆነ ሳይገባት አብራኝ አለቀሰች።

ከዚያ ወዲያ ሰዓትህን ለየሁት። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ እኔ ሱቄን ስጠርግ፣ አረንጓዴዋ መስመር ትመጣለች። ያን ሰዓት አውቶቡስ ላይ ነው የሚሆን ብሎኛል ሰላሁዲን። ደግሞ በቅርቡ የሰማኸውን ሁሉ ተራ በተራ የሚያሳይ ቦታ አለው። ማርታ፣ ማንበብ ጾም አይፈታም ብላ አነበበችልኝ። መንዙማ አለ፣ የራያ ጭፈራ አለ። ከሁሉም በላይ የበዛው ግን ዘፈን አይደለም፣ የዝናብ ድምፅ ነው፣ እንቅልፍ እምቢ ያለው ሰው የሚሰማው ነው አለችኝ። መጀመሪያ ሳቅሁ። እኛ እዚህ በልጉ ቀርቶብን በዱዓ የምንለምነውን ዝናብ፣ አንተ ከስልክ ትቀዳለህ! ኋላ ብቻዬን ስሆን ከፍቼ ሰማሁት። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ነው፣ ሰው የለበትም፣ መጨረሻም የለውም። ይሄንን ነው ልጁ ሌት ሌት የሚሰማው አልኩ። በጥር የነገርከኝ ያን ቀን ገባኝ።

አንድ ማለዳ ደግሞ ያደረግነውን ታስታውሳለህ? ታስታውሳለህ፣ ምን ይደረግህ! አንተ እየሰማህ ሳለ እኔ ከፈትኩብህ፤ ነጠቅከኝ፤ መልሼ ነጠቅሁህ። ሰባት ጊዜ ተነጣጠቅን። ማርታ ያንተ ስልክ ላይም በአሮጌው ስልክ እየተሰማ ነው የሚል ጽሑፍ እንደሚመጣ ነግራኛለች። ስለዚህ እኔ መሆኔን እያወቅህ ነው። ብቻዬን ስስቅ ሱሪ ሊያሳጥሩ የመጡት ጋሽ ከበደ፣ ልጄ ከማን ጋር ነው አሉኝ። ከወንድሜ ጋር እየተጣላን ነው አልኳቸው። ስልኩ ዝም ብሏል እኮ ቢሉኝ፣ የእኛ ጠብ እንዲህ ነው አልኩና ሱሪያቸውን ካሰቡት በላይ አሳጠርኩባቸው። እስካሁን ያኮርፉኛል።

የዚያን ቀን ይደውላል ብዬ ጠበቅሁህ። በማግስቱም ጠበቅሁህ። አልደወልክም። ተናደድኩ! ዘፈን ለመንጠቅ እጅ ያለው ሰው ለመደወል ምን ነካው? በሦስተኛው ቀን በሰዓትህ ሆን ብዬ ከፈትኩብህ፤ አልነጠቅከኝም። በማግስቱም ብሞክር ዝም አልከኝ። ኋላ ነው የገባኝ። ለእኔ ትተህልኝ አንተ አውቶቡሱን ያለ ዘፈን ትሄዳለህ። አይ ዚነት፣ አንድ የቀረውን ጓደኛ ቀማሽው አልኩና ሁለተኛ በሰዓትህ አልከፈትኩም። ጠዋት ጠዋት አረንጓዴዋን መስመር ብቻ አይቼ፣ ተነሥቷል፣ ሥራ እየሄደ ነው፣ አልሐምዱሊላህ ብዬ መጥረጊያዬን አነሳለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም ነበር።

ቀኑ ግን እየቀረበ ሄደ። ማርታ በየቀኑ ሰርዤ ልገላግልሽ ትላለች፣ እኔ ነገ እላለሁ። ብሰርዘው ታወርኩ፣ ባልሰርዘው ሰረቅሁ። አንዳንዴ፣ ምን አለበት፣ ያውቅ የለ፣ ይቆረጥበት እላለሁ። ወዲያው ደግሞ እናታችን አላህ ይዘንላትና፣ የሰው ነገር ሳይጠይቁ መንካትን እንዴት እንደምትጠላ ትዝ ይለኛል። በእንዲህ ሁኔታ ሚያዝያ ዐሥር ሐሙስ ደረሰ። ያን ጠዋት መስመሯን አየኋት፣ እስክትጠፋ ድረስ ዐይኔን አልነቀልኩም፣ ከዚያ ነጠላዬን አደግድጌ ማርታ ጋ ሄድኩና ሰርዢው አልኳት። ዐይኔን ጨፍኜ ነው ያልኳት።

ማርታ ከፈተች፣ ወደ ላይ አለች፣ ወደ ታች አለች። ዚነትዬ፣ የሚሰረዝ የለም አለችኝ። ቀኑ አለፈ ወይ ብዬ ጮኽኩ። አላለፈም፣ ባለቤቱ ራሱ ትናንት ቀይሮታል፣ ተከፍሏል፣ ለሁለት ሰው አድርጎታል፣ ከነገ ጀምሮ ሁለታችሁም በየስልካችሁ እንደልባችሁ መስማት ትችላላችሁ አለች። ሁለተኛው ሰው ማነው ብላት፣ በፈረንጅ ፊደል የተጻፈውን ቀስ እያለች፣ እ፣ ታ፣ ለም ብላ አነበበችልኝ።

ከጥር ወዲህ ካንተ የመጣልኝ ቃል ይኸው እሱ ነው። አንድ ቃል። ማርታ ሱቅ ውስጥ፣ በሰው መሀል፣ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ወንድሜ አልተጣላኝም፣ ስሜን ጽፎ ከፈለልኝ እያልኩ ለመንገደኛው ሁሉ ተናገርኩ። ለኡሙሃኒ ደወልኩ፣ ሮቢት ለአክስታችን ለመይሙና ደወልኩ። ያን ዕለት ከእኔ በላይ የታደለ ሰው ቆቦ ውስጥ አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስልኩን ከፈትኩ። አረንጓዴዋ መስመር የለችም። ምናልባት አርፍዶ ይሆናል ብዬ ቆየሁ። ሁለት ሰዓት ሆነ፣ የለችም። ዘፈን ብከፍት ከጫፍ እስከ ጫፍ ዘፈነ። ቅዳሜም እንዲሁ፣ እሑድም እንዲሁ፣ ሰኞም እንዲሁ። የሰማሃቸው የሚታዩበት ቦታም አሁን የሚያሳየው የእኔን ብቻ ነው። ማርታን ተበላሽቷል ወይ ብላት፣ ኧረ አሁን ነው በደንብ የሚሠራው፣ አሁን የየራሳችሁ ሆነ እኮ፣ ማንም ማንንም አይቆርጥም አለችኝ።

ገባህ ወይ ሙህሲን? አንተ እህቴ ዘፈኗ እየተቋረጠባት ተቸግራለች ብለህ ነው። ደግነትህን አውቃለሁ፣ ከልጅነትህ ጀምሮ እንዲሁ ነህ፣ ሳይጠይቁህ ትሰጣለህ። ግን ማን ለምኖህ! እኔ ዘፈኑን መቼ ፈለግሁት? እኔ የፈለግሁት መቋረጡን ነበር። እሱ ሲቋረጥ ነበር አንተ ያለኸው። አሁን ቀኑን ሙሉ ይዘፍንልኛል፣ የሚያስቆመው የለም፣ እኔም ቁጭ ብዬ የሚያስቆመኝን እጠብቃለሁ። ይኸው ሳምንት አለፈ፣ ሥራ ሄደህ እንደሆነ፣ ተኝተህ እንደሆነ አላውቅም። እንዲህ ሆኜ አላውቅም፣ ወላሂ።

ማርታ ወደ አንድ ሰው መመለስ የሚችለው ባለቤቱ ብቻ ነው አለችኝ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ለሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በጥር የተናገርኩህን አውፍ በለኝ። ብቸኝነት የጥጋብ በሽታ አይደለም። እኔም ታምሜበታለሁ፣ ከአንተ ቀድሜ ታምሜበታለሁ፣ ኩራት ይዞኝ ነው ያልነገርኩህ። ሴቶቹ ፊት የሳቅሁብህን ሴቶቹ ፊት አለቅሼ ከፍዬዋለሁ። አንተም እሺ እታለም ብለህ አትዝጋብኝ፤ ስደበኝ፣ ጩኽብኝ፣ ብቻ አትዝጋብኝ።

ኡሙሃኒ ከነልጆቿ ሰላም ትልሃለች፤ ትንሿ ልጇ መራመድ ጀምራለች፣ ምላሷ ግን ከእግሯ ቀድሟል፣ እኔን መጣች ይላሉ። አክስታችን መይሙና ዐይኗ ደከመ እንጂ ደህና ናት፣ ረመዳን ሳይገባ ድምፁን አሰሙኝ ብላ ሰላም ብላሃለች። ማርታ ሰላም ብላሃለች፤ የምትሰማውን ሁሉ በማንበቧ አትቀየማት፣ እኔ ነኝ ያስነበብኳት። ጋሽ ከበደም ሱሪያቸው ቢያጥርም ሰላም ብለውሃል። ደብዳቤውን ለሚያመጣልህ ለሰላሁዲን ምሳ አብላው፣ አብሮህም ይደር፣ አንድ ሌሊት እንኳ ቤትህ የሰው ድምፅ ይኑርበት።

ሁለተኛው ነገር ይሄ ነው። ወይ ደውልልኝ፤ መደወሉ ከከበደህ ደግሞ ክፍያውን መልሰህ የአንድ ሰው አድርገውና ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ዘፈኔን ቁረጥብኝ።

እህትህ ዚነት

ቆቦ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 2011 ዓ.ም.